ጌቲስበርግ፣ ካርላይል፣ ኮሎምቢያ ወይስ ጂም ቶርፕ? በፔንሲልቬንያ ታሪካዊ ቦሮዎች ቤት ለሚፈልግ የንጽጽር መመሪያ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የቤት ዋጋ ሸሽቶ ወደ ሰሜን የሚያይ ቤተሰብ ዓይኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በፔንሲልቬንያ ትንንሽ ታሪካዊ ከተሞች ላይ ነው። የሸክላ ቤቶቹ ያምራሉ፤ ሱቁም ትምህርት ቤቱም ቤተ መጻሕፍቱም በእግር ይደረሳል። በፎቶ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ኑሯቸው ግን የተራራቀ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ዛሬ ከተማውን የሚያኖረው ነገር ነው፦ አንዱን ኮሌጅና ጎብኚ፣ ሌላውን መጋዘንና የጦር ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛውን የጎረቤት ከተማ ሥራ፣ አራተኛውን የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ያኖረዋል። ይህን ሳያዩ የሕዝብ ቁጥርና አማካይ ገቢ ብቻ አይቶ መምረጥ ያሳስታል። እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አንድ የስም መምታታት እናጥራ። እዚህ ኮሎምቢያ የምንለው ብዙ ሐበሻ የሚያውቀውን የሜሪላንዱን ኮሎምቢያ አይደለም፤ በሳስኩሃና ወንዝ ዳር፣ በላንካስተር ካውንቲ ያለውን የፔንሲልቬንያውን ቦሮ ነው።

ድንበሩን ሳያውቁ ዋጋ አያነጻጽሩ

ቦሮ በፔንሲልቬንያ ሕግ የራሱ ምክር ቤትና ከንቲባ ያለው ትንሽ ማዘጋጃ ነው። በግዛቱ ውስጥ 950 ገደማ አሉ። ብዙውን ጊዜ ቦሮውን ዙሪያውን የሚከቡት ታውንሺፕ የሚባሉ ሌሎች ማዘጋጃዎች ናቸው፤ እነሱም የራሳቸው ግብር፣ የራሳቸው የግንባታ ደንብ፣ አንዳንዴም የራሳቸው ፖሊስ አላቸው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የፖስታ አድራሻና የማዘጋጃ ድንበር አንድ አይደሉም። 17325 የሚለው ዚፕ ኮድ «ጌቲስበርግ» ይባላል፤ ግን ከቦሮው ውጭ ያሉትን የኩምበርላንድና የስትራባን ታውንሺፖችንም ይሸፍናል። ቦሮው ራሱ 1.66 ስኩዌር ማይል ብቻ ነው። በቤት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ «ጌቲስበርግ» ተብሎ የተለጠፈ ሰፊ ግቢ ያለው አዲስ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ታውንሺፕ ውስጥ ነው፤ በእግር አደባባይ አይደርሱበትም፤ የውኃ ጉድጓድና የራሱ የፍሳሽ ታንክ ሊኖረው ይችላል። ካርላይልም በ17013 እና በ17015 ሥር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቤት ሲያዩ በመጀመሪያ የካውንቲውን የግብር መዝገብ ይክፈቱና «ማዘጋጃ» የሚለውን መስመር ያንብቡ። የሕዝብ መረጃ ሲያወጡም በዚፕ ኮድ ሳይሆን በቦሮው ስም ይፈልጉ።

የሕዝብ ቁጥሩን እንዴት እንደሚያነቡት

በ2020 ቆጠራ ጌቲስበርግ 7,106፣ ካርላይል 20,118፣ ኮሎምቢያ 10,222፣ ጂም ቶርፕ 4,507 ነዋሪ ነበራቸው። ከ10 ዓመት በፊት ከነበረው ያደገው ካርላይል ብቻ ነው፤ 18,682 ነበር። ጌቲስበርግ ከ7,620፣ ኮሎምቢያ ከ10,400፣ ጂም ቶርፕ ከ4,781 ወርደዋል።

የጌቲስበርግን መውረድ አይተው ከተማው እየሞተ ነው ብለው አይደምድሙ። በቆጠራ ደንብ የኮሌጅ ተማሪ የሚቆጠረው ወላጆቹ ዘንድ ሳይሆን ሚያዝያ 1 ቀን በሚኖርበት ቦታ ነው። የ2020 ቆጠራ ደግሞ ወረርሽኙ ተማሪዎችን ወደየቤታቸው በበተነበት ወር ላይ ወደቀ። የቆጠራው መሥሪያ ቤት በካምፓስ ሊቆጥራቸው ቢሞክርም፣ በተለይ ከካምፓስ ውጭ ተከራይተው የነበሩትን ማግኘት ከባድ ነበር።

ተማሪ የሚያዛባው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። የድህነት መጠኑንም ያዛባል። በዶርም የሚኖር ተማሪ ከድህነት ስሌት ውጭ ነው። ከካምፓስ ውጭ ቤት የተከራየ ተማሪ ግን ይገባል፤ ወላጆቹ ሀብታም ቢሆኑም ገቢ ስለሌለው «ድሀ» ሆኖ ይመዘገባል። በጌቲስበርግና በካርላይል የድህነት መጠኑ ከፍ ብሎ ቢያዩ የመላውን ነዋሪ ትተው የቤተሰቦችን የድህነት መጠን ይመልከቱ። በገቢም እንዲሁ፦ «የቤት አባወራ አማካይ ገቢ» ከሚለው ይልቅ «የቤተሰብ መካከለኛ ገቢ» የሚለው ሰንጠረዥ ስለ ጎረቤትዎ የተሻለ ይነግርዎታል፤ አብረው የተከራዩ ተማሪዎች ቤተሰብ ተብለው አይቆጠሩምና።

ሌላው ወጥመድ የስህተት ወሰን ነው። ከ65,000 ነዋሪ በታች ላለ ቦታ መንግሥት በዋነኛነት የሚያወጣው የ5 ዓመት አማካይ ዳሰሳ ነው፤ እሱም በናሙና ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ± የሚል አለ። ይህን ± ሳያዩ አያነጻጽሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰንጠረዥ «ከድህነት ወለል በታች ያሉ ልጆች 300፣ ± 180» ይላል እንበል። 180ን ለ1.645 ያካፍሉ፤ 109 ይሆናል። 109ን ለ300 ያካፍሉ፤ 36 ከመቶ ይመጣል። ከ30 ከመቶ በላይ የመጣ ቁጥር ቤት አይገዛበትም። ሁለት ቦሮዎችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ ሁለቱን ± እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ስኩዌር ሩት ይውሰዱ። የአንዱ መካከለኛ ገቢ 58,000 ± 7,000፣ የሌላው 64,000 ± 6,000 ቢሆን የጋራ ወሰናቸው 9,200 ገደማ ነው። ልዩነታቸው 6,000 ስለሆነ ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ይሻላል ለማለት ማስረጃ የለም።

የሕዝብ ጥግግትም በጂም ቶርፕ ያታልላል። ቦሮው ወደ 15 ስኩዌር ማይል የሚጠጋ ስፋት ስላለው በወረቀት ላይ ነዋሪው የተራራቀ ይመስላል። አብዛኛው መሬት ግን ጫካና ገደል ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ነው።

ጌቲስበርግ፦ ለሜሪላንድ ሠራተኛ

የአዳምስ ካውንቲ መቀመጫ ነው። በ1786 የተመሠረተ ሲሆን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በተደረገው ውጊያ ስሙ ዓለምን ሞላ። በዚያን ጊዜ ነዋሪው 2,400 ገደማ ነበር። ዛሬ ከተማውን የሚያኖሩት በ1832 የተከፈተው ኮሌጅ፣ የጦር ሜዳውን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ፣ ሆስፒታሉና የካውንቲው መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በዙሪያው ያለው ካውንቲ የፖም አገር ነው፤ በፍራፍሬ ልማቱና በማሸጊያው ሥራ ምክንያት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች በርከት ብለው ይኖራሉ፤ ይህም ከተማው ከውጭ እንደሚታየው አንድ ወጥ እንዳይሆን አድርጎታል።

ትልቁ ጥቅሙ ዩኤስ 15 የሚባለው መንገድ ነው። ፍሬድሪክ 35 ማይል፣ ዲሲ 80 ማይል ያህል ነው። በፍሬድሪክ ወይም በሰሜን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሚሠራ ሰው ይቻላል። በየቀኑ ዲሲ መሃል ለሚገባ ግን አይመከርም፦ በቀን 160 ማይል ማለት በ5 የሥራ ቀን 800 ማይል ነው፤ መኪናው በዓመት ውስጥ ያልቃል፣ ሰውየውም አብሮ። የመንገደኞች ባቡር የለም። በሳምንት 2 ቀን ቢሮ ለሚገባ ከአራቱ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው።

የሚከብደው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የግብር መሠረቱ ነው። ኮሌጅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የካውንቲና የፌዴራል ሕንፃ ግብር አይከፍልም፤ በ1.66 ስኩዌር ማይል ውስጥ እነዚህ ሲበዙ ሸክሙ በቀሩት ቤቶች ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ዩኤስ 30 በቀጥታ ሊንከን አደባባይን አልፎ ስለሚሄድ የጭነት መኪና በመኝታ ቤት መስኮት ሥር ያልፋል። በዋናው መንገድ ላይ ያለ ቤት ዋጋው ቀንሶ ቢያገኙት ምክንያቱ ይህ ነው። ከአደባባዩ ሁለት ሦስት ብሎክ ገባ ያለ ቤት ይፈልጉ፤ ከኮሌጁ አጠገብ ያሉትን ጎዳናዎች ደግሞ በቅዳሜ ሌሊት ሄደው ይስሟቸው። በሐምሌ መጀመሪያና ፕሬዝዳንት ሊንከን ዝነኛ ንግግሩን ባደረገበት በኅዳር 19 አካባቢ የመኪና ማቆሚያ ጭንቅ ነው፤ ቤቱ የራሱ ማቆሚያ ከሌለው የነዋሪ ፈቃድ በዚያ ጎዳና ይሰጥ እንደሆነ ከቦሮው ቢሮ ይጠይቁ።

ካርላይል፦ ሥራው ለሚያስጨንቀው

በ1751 የተመሠረተ የኩምበርላንድ ካውንቲ መቀመጫ ነው። ዲኪንሰን ኮሌጅ ከ1783 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ጦር ኃይል የከፍተኛ መኮንኖች ኮሌጅ ከ1951 ጀምሮ እዚያው ናቸው። ከአራቱ ሰፊ የሥራ ገበያ ያለው ይህ ነው። ምክንያቱ ኢንተርስቴት 81 እና ተርንፓይክ የሚባለው ባለ ክፍያ አውራ ጎዳና አጠገቡ መገናኘታቸው ነው፤ በዚህ ሳቢያ ዙሪያው የመጋዘንና የማከፋፈያ ማዕከል ሆኗል። በጭነት መኪና ለሚሠራ፣ በመጋዘን ፈረቃ ለሚጀምር፣ ወይም 20 ማይል ያህል ርቃ ባለችው ሃሪስበርግ የግዛቱን መንግሥት ሥራ ለሚፈልግ የሚሻለው ይህ ነው። መኪና ግን በየሠራተኛው አንድ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ መጋዘኖች ከቦሮው ውጭ ናቸው፤ አውቶቡሱም ከሌሊት ፈረቃ ጋር አይገጥምም።

ሥራውን ያመጣው መንገድ ጭሱንም አምጥቷል። በናፍጣ የሚሄዱ መኪናዎች በብዛት ሲያልፉና ሞተር አብርተው ሲቆሙ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ፣ በሸለቆው ውስጥ ንፋስ በሌለበት የክረምት ጠዋት ከመሬት አይነሳም። ሳል ወይም አስም ያለበት ልጅ ካለዎት ከሁለቱ አውራ ጎዳናዎችና ሃሪስበርግ ፓይክ ከሚባለው መንገድ ራቅ ብለው በመሃል ከተማ ወይም በምዕራብ በኩል ይፈልጉ። ስለዚህ ጉዳይ አጥብቀን የምንናገረው ለጤና ስለሆነ ነው፤ ቤት ይሸጣል፣ ሳንባ አይሸጥም።

ለተከራይ ጠቃሚ የሆነ አንድ ነገር አለ። የጦር ኮሌጁ ተማሪዎች ከነቤተሰባቸው በበጋ ገብተው አብዛኞቹ በቀጣዩ ሰኔ ይወጣሉ። ስለዚህ ጥሩ ኪራይ ቤት የሚለቀቀውም የሚያዘውም በግንቦትና በሰኔ ነው። በጥቅምት የሚፈልግ ሰው የተራረፈውን ነው የሚያገኘው። ለገዢ ደግሞ የአፈሩ ጉዳይ አለ፦ ሸለቆው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከሥሩ ውኃ እየሸረሸረው መሬት ድንገት ሊሰምጥ ይችላል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይህን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ሽፋን በጽሑፍ ይጠይቁ። ግቢው ውስጥ ክብ ጉድጓድ፣ በሰያፍ የተሰነጠቀ የመሠረት ግድግዳ፣ ወይም የጣሪያ ውኃ ከመሠረቱ አጠገብ የሚፈስበት ቤት ካዩ ኢንጂነር ሳያሳዩ አይፈርሙ።

ኮሎምቢያ፦ ዋጋው ዝቅ፣ ግብሩ ከፍ

የመጀመሪያ ስሙ የራይት መሻገሪያ ነበር፤ በ1790 አካባቢ የአገሪቱ ዋና ከተማ እንዲሆን ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ ነበር። በሰኔ 28 ቀን 1863 የደቡብ ጦር ወንዙን እንዳይሻገር የእንጨት ድልድዩ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነ ስቲፈን ስሚዝና ዊሊያም ዊፐር የሚባሉ ጥቁር የእንጨት ነጋዴዎች እዚህ ሀብት አፍርተው፣ ከባርነት የሚያመልጡትን ያሻግሩ ነበር። በ1834 ጥቁሮች ላይ ሁከት ተነሥቶባቸዋል። የጥቁር ነዋሪው ታሪክ በዚህ ቦሮ ጥልቅ ሥር አለው፤ ለእኛ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኑሮው የሠራተኛ ኑሮ ነው። ቤቶቹ ግድግዳ የሚጋሩ የሸክላ ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በላንካስተር ወይም ወንዙን ተሻግሮ በዮርክ ነው፤ ሁለቱም በዩኤስ 30 ከ15 ማይል አይበልጡም። ወደ ላንካስተር አውቶቡስ አለ፤ ከላንካስተር ደግሞ ወደ ፊላደልፊያና ወደ ሃሪስበርግ ባቡር አለ። መኪና አንድ ብቻ ላለው ቤተሰብ ከአራቱ የተሻለው ይህ ነው።

የግዢ ዋጋው ዝቅ ማለቱ ብዙ ሰው ይስባል፤ ግን ምክንያቱን ይወቁ። የኮሎምቢያ ትምህርት ቤት ዲስትሪክት የሚሸፍነው ቦሮውን ብቻ ነው። በዙሪያው ሰፊ የገበያ ማዕከልም አዲስ የቤት ልማትም የለውም፤ ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ወጪ በአሮጌ ቤቶች ላይ ይወድቃል። ሞርጌጁ ትንሽ ሆኖ በኤስክሮ (አበዳሪው ለግብር በየወሩ በሚይዘው ሂሳብ) የሚገባው የግብር ድርሻ ሲጨመር ወርሐዊ ክፍያው ዋጋው ከፍ ካለ ጎረቤት ማዘጋጃ ቤት ጋር ሊተካከል ይችላል። ለምሳሌ ያህል የዓመት ግብሩ 5,400 ዶላር ከሆነ በወር 450 ዶላር ነው፤ ይህ ገንዘብ ሞርጌጁ ተከፍሎ ካለቀም በኋላ አይቀርም። በወንዙ ዳር የሚያልፈው የጭነት ባቡርም ሌሊት ስለሚጮህ ወደ ወንዙ የቀረበ ቤት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ሌሊት እዚያው አካባቢ ይደሩ።

ጂም ቶርፕ፦ ውበቱን ለሚችለው

የካርበን ካውንቲ መቀመጫ ነው። ማውክ ቸንክና ምሥራቅ ማውክ ቸንክ የሚባሉ ሁለት ቦሮዎች በ1954 ተዋሕደው በታዋቂው ስፖርተኛ ስም ተጠሩ፤ እሱ የተማረው ካርላይል በነበረው የአገሬው ተወላጆች ትምህርት ቤት ነበር። የድንጋይ ከሰል ያበለጸገው ከተማ ነው፤ ከሰሉ ሲቀር ደኸየ፤ አሁን የሚኖረው በእንግዳ ነው።

ለማየት ከአራቱ ይህን የሚያህል የለም። ለመኖር ግን ለሐበሻ ቤተሰብ የመጨረሻ ምርጫችን ነው። ነዋሪው ጥቂትና በዕድሜ የገፋ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ ቅጠሉ በሚቀላበት በጥቅምት፣ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። ቤቶች ለአጭር ጊዜ እንግዳ ስለሚከራዩ በዓመት ውል የሚከራይ ቤት ጥቂት ነው። ሥራ ለማግኘት ወደ አለንታውን 30 ማይል ያህል መንዳት ይጠይቃል። ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ለሚሠራና ዝምታ ለሚወድ ሰው ግን ይሆናል፤ እሱም ኢንተርኔቱ በዚያ ቤት ምን ያህል እንደሚፈጥን ለክቶ። ተራራ ሞባይልን ይጋርዳል።

በቤቱ ላይ የሚታየው ከሌሎቹ ይለያል። ማውክ ቸንክ የሚባለው ጅረት በከተማው ሥር በተሠራ መተላለፊያ ያልፋል፤ ከላይ ግድብ ቢሠራለትም በታችኛው መንገድ ላይ ያለን ቤት የጎርፍ ካርታውን ሳያዩ አይግዙ። የጎርፍ ኢንሹራንስ ከተገዛ በኋላ በአብዛኛው 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም፤ ለሞርጌጅ ሲባል በርክክብ ቀን ከተገዛ ግን ወዲያው ይጀምራል። በፌዴራሉ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት ከፍተኛው ሽፋን 250,000 ዶላር ለሕንፃው፣ 100,000 ዶላር ለዕቃው ነው። ከኋላ ያለው የድንጋይ መደገፊያ ግንብ የማን እንደሆነም ከውሉ ያጣሩ፤ ከተናደ የሚያሠራው ባለቤቱ ነው።

ግብሩ በአራቱም የሚሠራበት መንገድ

የፔንሲልቬንያ የገቢ ግብር ለሁሉም 3.07 ከመቶ ነው። በላዩ የአካባቢ የደመወዝ ግብር አለ፤ በብዙ ቦታ 1 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ቦሮውና ትምህርት ቤቱ ይካፈሉታል፤ ትክክለኛውን መጠን በአድራሻው ያረጋግጡ።

ከሜሪላንድና ከቨርጂንያ ጋር ስምምነት ስላለ በእነዚያ ሠርቶ በፔንሲልቬንያ የሚኖር ሰው በደመወዙ ላይ የገቢ ግብር የሚከፍለው ለፔንሲልቬንያ ነው። ዲሲም ከነዋሪዋ ውጭ ያለን ሠራተኛ ደመወዝ አታስከፍልም። ግን አሠሪዎ በራሱ አያስተካክለውም፤ በሜሪላንድ ኤምደብሊው 507 የሚባለውን ቅጽ ሞልተው ይስጡት። ሰዎችን የሚጎዳው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የሜሪላንድ አሠሪ የአካባቢውን 1 ከመቶ ከደመወዝ የመቁረጥ ግዴታ የለበትም። በየ3 ወሩ ራስዎ መክፈል አለብዎት፤ በአዳምስ ካውንቲ የሚሰበስበው የዮርክ አዳምስ ታክስ ቢሮ ነው። ሳያውቁ የተዉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ከነቅጣቱ ይደርሳቸዋል።

የቤት ግብር ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ለካውንቲ፣ ለቦሮ፣ ለትምህርት ቤት። ትልቁ የትምህርት ቤቱ ነው። መጠኑ በ«ሚል» ይገለጻል፤ አንድ ሚል ከ1,000 ዶላር ግምት አንድ ዶላር ነው። በግብር መዝገብ 180,000 የተገመተ ቤት የሦስቱ ድምር 28 ሚል ቢሆን 5,040 ዶላር ይመጣል። ሚልን ከካውንቲ ካውንቲ ማነጻጸር ግን ትርጉም የለውም፤ ላንካስተር ቤቶችን እንደገና የገመተው በ2018 ነው፣ ሌሎቹ በሌላ ዓመት። የሚነጻጸረው ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ቤቶች ባለፈው ዓመት የከፈሉት ጠቅላላ ዶላር ነው። ደረሰኞቹን ከሻጩ ይጠይቁ፤ የትምህርት ቤቱ በሐምሌ ለብቻው ስለሚመጣ እሱ እንዳልጎደለ ይመልከቱ።

ሂሳቡ በ2 ወር ውስጥ ሲከፈል 2 ከመቶ ይቀነሳል፤ ከ4 ወር ሲያልፍ እስከ 10 ከመቶ ይቀጣል። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ የ«ሆምስቴድ» ማመልከቻ እስከ መጋቢት 1 ለካውንቲው ያስገቡ፤ የትምህርት ቤት ግብሩን ይቀንሳል፤ የቀድሞው ባለቤት ማመልከቻ ለእርስዎ አይሠራም። በግዢ ቀን ደግሞ የስም ማዛወሪያ ግብር በብዙ ቦታ 2 ከመቶ ነው፤ በልማድ ሻጭና ገዢ እኩል ይካፈሉታል። ለ250,000 ዶላር ቤት የእርስዎ ድርሻ 2,500 ነው።

አሮጌ ቤት ሲገዙ

«በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የተመዘገበ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ገዢ ያስፈራል። መዝገቡ በራሱ የግል ባለቤትን በገዛ ገንዘቡ ከማደስ አያግድም። የሚያግደው በ1961 በወጣው የግዛቱ ሕግ መሠረት ቦሮው ያቋቋመው ታሪካዊ ክልልና የሥነ ሕንፃ ገምጋሚ ቦርድ ነው። ቦርዱ ይመክራል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። የሚመለከቱት ከጎዳና የሚታየውን የውጭ ገጽታ ነው፤ ወጥ ቤትዎን አይነኩም። መስኮት በፕላስቲክ ለመቀየር፣ በር ለማንሣት፣ በረንዳ ለመጨመር አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የተቀየረ መስኮት በባለቤት ለውጥ አይሰረይም፤ አዲሱ ባለቤት አውጥቶ እንዲመልስ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ለቤቱ ያልተዘጋ የደንብ ጥሰት እንዳለ ከቦሮው ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ። የፌዴራሉ 20 ከመቶ የታሪካዊ ቤት ግብር ቅናሽ ደግሞ ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ብቻ ነው፤ ራስዎ ለሚኖሩበት አያገለግልም፤ ተቃራኒውን የነገረዎት ካለ ተሳስቷል።

የሸክላ ግድግዳው መጋጠሚያ በሲሚንቶ ተሞልቶ ካዩ ይጠንቀቁ። የጥንቱ ሸክላ ለስላሳ ነው፤ የተሠራውም በኖራ ማያያዣ ነው። ኖራው እርጥበትን ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲሞላበት ውኃው በሸክላው በኩል ለመውጣት ይገደድና በክረምት በረዶ ሲሆን የሸክላውን ፊት ይገፈትራል። ወለሉ ላይ ቀይ ዱቄት፣ ግድግዳው ላይ የተላጠ ሸክላ ካለ ጥገናው በኖራ እንደገና መሙላት ነው፤ ውድ ነው።

ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም አለ ብለው ይነሡ። ገዢ 10 ቀን ለመመርመር መብት አለው፤ ትንሽ ልጅ ካለ ይህን መብት አይተዉ። ከመስኮት ክፈፍ የሚወጣው ትቢያ ነው ልጅን የሚጎዳው። ከመንገዱ የሚገባው የውኃ ቧንቧ ሊድ መሆኑንም በምድር ቤት ይዩ፤ በሳንቲም ሲፋቅ እንደ ብር የሚያበራና የሚለሰልስ፣ ማግኔት የማይዘው ሊድ ነው። ከጣሪያ ሥር ከሸክላ በተሠሩ ነጭ ማያያዣዎች ላይ የተዘረጋ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅት አይቀበለውም፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ በጽሑፍ ያግኙ። ሬዶን የሚባለው ጋዝ በፔንሲልቬንያ ከ10 ቤት በ4ቱ ያህል ርምጃ እንዲወሰድ ከሚመከርበት መጠን በላይ ነው፤ በምድር ቤት ቢያንስ 48 ሰዓት ይለካ፣ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ከደረሰ ሻጩ ማስወጫ ቱቦ እንዲያስገባ ይደራደሩ።

ለማሞቂያው የአንድ ክረምት ሙሉ የነዳጅ ወይም የጋዝ ደረሰኝ ይጠይቁ። በዘይት የሚሞቅ ከሆነ ታንኩ የት እንዳለ ይወቁ፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንክ ካፈሰሰ ማጽዳቱ በባለቤቱ ይሆናል።

ቤቱን ሦስት ጊዜ ይጎብኙት፦ በሥራ ቀን ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከዚያ ወደ ሥራዎ እየነዱ፣ በጎብኚ ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እና ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ምድር ቤቱን ለማየት። ቤተ ክርስቲያንና እንጀራ ለእርስዎ የሳምንት ጉዳይ ከሆኑ ያንንም መንገድ በእሑድ ሌሊት ተነሥተው ይንዱት፤ ከጌቲስበርግ ሲልቨር ስፕሪንግ 70 ማይል ያህል ነው፣ ከካርላይል ከዚያ ይርቃል።

ከገቡ በኋላ መኪናውን በ20 ቀን ውስጥ በፔንሲልቬንያ ያስመዝግቡ፤ መንጃ ፈቃድዎን በ60 ቀን ይቀይሩ። የመኪና ደኅንነት ምርመራ በየዓመቱ ነው። በካርላይልና በኮሎምቢያ የጭስ ምርመራም ይጨመርበታል፤ በጌቲስበርግና በጂም ቶርፕ ካውንቲዎች ግን የለም።